ሞተሩን ያጠፋሁበት ቁልቁለት

ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የማይወድ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከጥቂት ዓመት በፊት «የልጆች መጫወቻ ነው፤ ዳገት አይወጣም» እያሉ ይስቁ የነበሩ ጎረቤቶቼ ዛሬ ግቢያቸው ውስጥ ቻርጀር አስገጥመዋል። ማደያ በር ላይ ተሰልፎ መዋል የማይለውጠው ሐሳብ የለም። ልጄ ሰላምም ልትገዛ ስትነሣ፣ መብራት ይጠፋል፣ መለዋወጫ አታገኚም አልኋት። ሁሉም ሰበብ ነበር። እኔ የምፈራው ዝምታውን ነው።

በሃያ ሦስት ዓመቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ እነዳ ነበር። ያን ጊዜም ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር እኛ ሾፌሮች አንድ ብልሃት ነበረችን፤ የቤዛዊትን ቁልቁለት ሞተር አጥፍተን እንወርዳለን። ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም እናደርገዋለን።

መስከረም ነበር። ዳር ዳሩ አደይ ፈክቷል፤ ጭኔ ላይ ትኩስ የበቆሎ እሸት ጥብስ አለ። ነፋሱን እየሰማሁ ስወርድ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል። እማማ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት፣ ልጆቻቸው ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል ተሸክመው መንገድ ዳር ደረሱ። ደንገል ረጅም ነው፤ ተሸካሚውን ግራ ቀኝ አያሳየውም። ስለዚህ ተሸካሚ ሁሉ መንገድ ከመሻገሩ በፊት ቆሞ ያዳምጣል። እሳቸውም ቆመው ሲያዳምጡ አየኋቸው። ሊያሳልፉኝ መስሎኝ ጡሩምባ እንኳ አልነካሁም። እግራቸውን ሲያነሡ ፍሬን ያዝሁ፤ ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደርቃል፤ ቢረግጡት ቶሎ አይይዝም።

ዳሌያቸው ተሰበረ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሜ እቤታቸው ሽማግሌዎች ፊት ቀረብሁ። እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሞተሩን ማጥፋቴን ብናገር ሥራዬም መንጃ ፈቃዴም መሄዳቸው ነው። ስንተባተብ እማማ ጥሩዬ ከተኙበት ቀደሙኝ።

«ልጁን ተውት። ደኅና አድርጌ አዳምጬ ነበር፤ ጆሮዬ ነው የከዳኝ።»

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አወረዱልኝ። እኔም ዝም አልሁ።

ከወራት በኋላ ምርኩዝ ይዘው ተነሡ። ጆሯቸውን ግን ከዚያ ወዲህ አላመኑትም። ሰው እጃቸውን ካልያዘ መንገድ አይሻገሩም፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል እየሰሙ «ተደወለ እንዴ?» ብለው ጎረቤት ይጠይቃሉ ሲባል ሰማሁ። በቤታቸው ደጃፍ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ። ገብቼ ሳልነግራቸው ሞቱ።

ባለፈው ቅዳሜ በር ላይ ለመንገዱ ጀርባዬን ሰጥቼ አትክልት አጠጣ ነበር። ዞር ስል አንዲት ነጭ መኪና ከኋላዬ ቆማለች፤ ሰላም በመስኮት ብቅ ብላለች።

«አልሰማሁሽም» አልኋት።

«ጆሮህ ደከመ ማለት ነው፣ አባዬ» ብላ ሳቀች።

የያዝሁትን የውኃ ጎማ ጥዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ።

«ጆሮዬ ደኅና ነው። የእማማ ጥሩዬም ጆሮ ደኅና ነበር።»

ሳቋን ትታ ወረደች። «እማማ ጥሩዬ ማን ናቸው?» አለችኝ።

አጠገቤ አስቀምጬ ከበቆሎው ጀምሬ ነገርኋት። እማማ ጥሩዬ ስለገጨኋቸው ምረውኛል። ደኅናውን ጆሯቸውን ሲጠረጥሩ ዝም ስላልሁበት ግን አሁን ማን ይምረኛል?