በሁዳዴ የታደለ እንቁላል

በመቱ የነበረውን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሳስብ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አንድ እንቁላል ነው። ቀይ እንደ ነበር እምላለሁ፤ እኅቴ ግን በሽንኩርት ልጣጭ የተቀቀለ፣ ቡናማ እንደ ነበር ትናገራለች። የተሰጠው ለእሷ ነውና በቀለሙ ብዙም አልከራከራትም።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። አባታችን ጎሬ በጸሐፊነት ሠርተው ወደ መቱ የተዛወሩ፣ ጾም የማያፈርሱ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ሴት ልጃቸውን ለትምህርት የሰጡት አብዛኞቹ አስተማሪዎች ሲስተሮች፣ ሴት መነኮሳት፣ ስለ ሆኑ ብቻ ነው፤ እሱንም እያመነቱ።

በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ ከእኛ ብዙ ቀድሞ ዋለ። ከባሕር ማዶ በቅርቡ የመጡት ወጣት ሲስተር ይህን ልዩነት አላወቁም። ልጆቹን ለማስደሰት እንቁላል ቀቅለው፣ ቀለም አልብሰው፣ ለእያንዳንዱ አደሉ። ልጆቹ የመምህርን እጅ መመለስ ነውር ሆኖባቸው ተቀበሉ፤ አንድም የቀመሰ ግን አልነበረም። ሁሉም እንቁላሉን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

"በሁዳዴ እንቁላል!" አሉ አባታችን። "ፈረንጂቱ ነገ ደግሞ ሥጋ ታጎርሳችኋለች። ከእንግዲህ እዚያ ደጅ አትደርሺም።"

"አልበላሁትም እኮ፣ አባባ!" እኅቴ ደብተሯን አቅፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ሲስተሯ የኖፓ አገር ሰው ከሆነ አንድ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ጋር ቅርጫት ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይቅርታ ሲጠይቁና እንቁላሉን ሲሰበስቡ አርፍደው ነበር፤ ጫማቸው ጭቃ ጠግቧል።

"ልጆች ጎበዝ። እኔ አላወቅም። ይቅርታ" አሉ በተሰባበረ አማርኛ።

አባታችን ቤታቸው የመጣን እንግዳ ማሳፈር ከበዳቸው። "እንቁላሉ እዚሁ ይቆይ። ለፋሲካ ትበላዋለች።"

"ኧረ ምን ነካዎት?" አለች እናቴ። "እስከዚያ ቤቱን ሊያገማው!"

አስተማሪው ሲተረጉምላቸው ሲስተሯ ሳቁ። አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያም ሆኖ እኅቴ ወደ ትምህርት ቤት እንድትመለስ ገና አልፈቀዱም።

እናቴ ቆሎ አቀረበች። ሲስተሯ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በጣታቸው ወደ ፀሐይዋ ጠቆሙና "ገና" አሉ።

"ጋሼ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምረው ከልጆቹ ጋር መጾም ይዘዋል" አለ አስተማሪው። "ሌሎቹም ሲስተሮች አብረዋቸው ናቸው። እስከ እኛ ፋሲካ ድረስ ወጥ ቤታቸው ወተት አይገባም።"

አባታችን ከግድግዳው ዞረው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ፤ ልጅ ነበርኩ።

"እማሆይ፣" አሉ በመጨረሻ፣ የራሳችንን መነኮሳት በሚጠሩበት ስም፣ "ልጅቷ ነገ ትመጣለች።"

እምነቱን ለልጆች የሚሰብክ ብዙ ሰው ኋላ በዩኒቨርሲቲም በሥራም ዓለም አጋጥሞኛል። ስለ ልጆች እምነት ሲል የራሱን ማዕድ ያቀለለ ማኅበር ያየሁት ግን እዚያ ነው። እኅቴ እስከ መጨረሻው ክፍል ተማረች።

በፋሲካችን ማግስት አባታችን ለሲስተሮቹ እንቁላል ላኩ። ቅርጫቱን የተሸከምኩት እኔ እንደ ነበርኩ አስታውሳለሁ። እኅቴ ትስቅብኛለች፤ "አንተ ገና ዶሮውን እየበላህ ነበር" ትላለች። ምናልባት። እንቁላሎቹ ምንም ቀለም እንዳልነበራቸው ግን ሁለታችንም እንስማማለን።