ማክሰኞ የአክስቴ ተራ ነው

እሁድ ጠዋት ከለቡ መብራት ኃይል ወጣሁ። መንገዴ ከከተማው ጫፍ ወዳለው የሴቶች ማረሚያ ቤት ነው፤ ጉዳዬም እዚያ ለታሰረችው ለአክስቴ ለሣራ ያልሰማችውን መንገር ነው። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ነው። ሐኪሟ ሐሙስ ዕለት ጠርቶ ለእኔ ነገረኝ፣ ለእሷ ግን አልነገራትም።

«እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ቢነግራት ይሻላል ብለን ነው» አለኝ።

ቤተሰብ ፈልገው እኔን እስኪያገኙ ወራት አለፉ። ዘመዶቻችን ሁሉ ያሉት ደቡብ፣ ኮንሶ ነው፤ አዲስ አበባ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በመሃል ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላት «አያመኝም፣ አልሄድም» ብላ ቀርታለች። ማክሰኞ እንደገና ተራዋ ነው። አሁንም ከቀረች ሌላ ተራ መቼ እንደሚደርሳት ሐኪሙም አያውቅም።

ከለቡ እስከ ሀና ማርያም

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። የሚኒባሱ ረዳት «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ አራት ጫነብን። ምሳ ዕቃዬን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እሱ? ሽታው ደስ ይላል» አሉ አጠገቤ ያሉት እናት።

«ኩርኩፋ ነው እማማ፣ የአገራችን ምግብ። ድብልብል የማሽላ ሊጥ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይቀቀላል።»

«ለታማሚ ነው?»

ክው አልኩ። «ለአክስቴ ነው» ብቻ አልኩ።

ሀና ማርያም ስንደርስ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎቹ እያማተቡ ወረዱ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን ከእነሱ ጋር ጎንበስ አልኩ። እዚያው ሌላ ሚኒባስ ያዝኩና የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ሄድኩ።

በሩ ላይ

እዚያ ምግብ ያመጣ ሰው ጠባቂ ፊት መቅመስ አለበት። ኩርኩፋውን ጎረስኩ፤ ግን አልዋጥ አለኝ። ጠባቂዋ በጥርጣሬ አየችኝ።

«ምነው?»

«ፈርቼ ነው እህቴ።»

«ምን ያስፈራል?»

እንደምንም ዋጥኩት። ምሳ ዕቃውን ተቀብላ «በአማርኛ ብቻ ነው የምታወሩት» ብላ አስገባችኝ። ጠባቂ የማይሰማው ቋንቋ አይፈቀድም። የአክስቴ አማርኛ ግን ከገበያ የለቀመቻት ጥቂት ቃል ናት።

ሽቦው

በመካከላችን ሁለት የሽቦ አጥር አለ፤ በአጥሮቹ መሃል ያችው ጠባቂ ትመላለሳለች። ግራ ቀኙ ጠያቂ ስለሚጮኽ ለመሰማት እኛም መጮኽ ነበረብን። አክስቴ ከስታለች፣ ሹራቧ ሰፍቷታል።

«ደህና ነሽ አክስቴ?»

«ደህና፣ ደህና። ልጆቹስ?»

ደህና፣ ደህና ስንባባል ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ አፌን ስከፍት ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ማክሰኞ ሆስፒታል ይወስዱሻል። ትንሽ እብጠት ናት፣ ያወጡልሻል።»

«ለትንሽ ነገር? እጄ በካቴና ታስሮ፣ ሰው እያየኝ? አልሄድም።»

በእኔው ውሸት ልትሞት ነው። ሽቦውን ጨብጬ ጮህኩ።

«አክስቴ፣ ካንሰር ነው!»

አጠገቤ ያሉት ጠያቂዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና በኮንሶኛ አንድ ነገር አለች።

«በአማርኛ!» አለች ጠባቂዋ።

አክስቴ ወደ እሷ ዞረች። «እሞታለሁ ወይ? ነው ያልኳት።»

ጠባቂዋ አንገቷን ደፋች።

«አላውቅም» አልኩ እያለቀስኩ። «ካልሄድሽ ግን ትሞቻለሽ።»

አክስቴ ሹራቧን ደረቷ ላይ ሰበሰበች። «እሺ፣ እሄዳለሁ። አንቺ ግን በካቴናው በኩል ቁሚ። በነጠላሽ ሸፍኚልኝ።»

ስወጣ ጠባቂዋን ማክሰኞ መኪና ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አጃቢና መኪና ከተገኘ ትሄዳለች» አለች ቀስ ብላ። «ጸልዪ።»

መልስ

ለቡ ስደርስ ሰውነቴ ዝሎ ነበር። ከዚህ መንገድ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሰው እንዳይደነግጥ ብለን ክፉ ወሬ እንደብቃለን። ውጭ ያለ ታማሚ ከፊታችን ያነበዋል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። አክስቴ ግን ከሽቦው ማዶ ሆና የምታውቀው እኛ የነገርናትን ብቻ ነበር።

ሰፊውን ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁት። ማክሰኞ ማለዳ ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ። መኪናው ባይመጣስ? ይህን ስጽፍ ውጭ እንደገና እያካፋ ነው፤ ነጠላው እስከዚያ ይድረቅልኝ።