ኮሶ የሚጠጣበት ጠዋት

አባቴ መሪጌታ ውባለም፣ እናቴ ስመኝ፣ ታናሽ ወንድሜ አንማው፣ የሁላችን ታናሽ የሺ፣ ከዚያም እኔ ታከለ፤ ቁሐር ሚካኤል በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርነው እነዚህ ነን። ባለፈው ክረምት ወረታ ባለው ቤቴ አንማው ከሻንጣው የደረቀ የኮሶ አበባ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲበትነው፣ ያ መራራ የአቧራ ሽታ አምስታችንንም መልሶ እዚያ ቤት ሰበሰበን። አንማው ዛሬ የፋርማሲ ፕሮፌሰር ነው። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለኛል፤ እኔ ግን እሱ በመጣ ቁጥር እበሳጫለሁ።

በበጋ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ ላሞቻችንን እየነዳሁ ወደ ርብ ዳር እወርድ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደልን የያዝኩት አባቴ ተማሪዎቻቸውን ሲያስቆጥሩ በአጠገባቸው እያለፍኩ፣ በኋላም ጨው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ ነው። አባቴ ለመንደሩ ኮሶ ይሰጡ ነበር። ከወረታ ገበያ ገዝተው፣ በሙቀጫ አስወቅጠው፣ በእፍኛቸው ሰፍረው ማታ በቅል ይዘፈዝፉትና ንጋት ላይ በባዶ ሆድ ያጠጡ ነበር። በቤታችን አንድ ሕግ ነበረ፦ ኮሶ በሚጠጣበት ጠዋት ስለ ኮሶ አይወራም። «ጠጣህ?» አይባልም፣ «ተረፈ?» አይባልም፤ ስሙ ከተነሳ መድኃኒቱ ጠጪው ላይ ይዞራል ይባል ነበር። አንማው አንድ ቀን ስንት እፍኝ እንደሚገባበት ቢጠይቅ፣ አባቴ ጆሮውን ቆንጥጠው «መድኃኒት አይቆጠርም» አሉት።

በክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው ቤታችን ደሴት ይሆን ነበር። እንደዚያ ባለ አንድ የኮሶ ቀን ሌሊቱን ከብቶቹን ወደ ከፍታው ወስጄ አሳድሬ፣ ረፋድ ላይ ስመለስ፣ ገና ሰባት ዓመት ያልሞላት የሺ መደብ ላይ ተጋድማ ስታስመልስና ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። እናቴ ግንባሯን ደግፋ ይዛለች፤ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው መቋሚያቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆመዋል፤ ሁለቱም ይተያያሉ እንጂ አይነጋገሩም። ውኃው ጎደል ብሎ በታንኳ እስክናሻግራት ቀናት አለፉ። ወረታ ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር ምን እንደጠጣችና ምን ያህል እንደጠጣች ጠየቀ። አባቴ «ኮሶ፤ እንደ ወጉ» አሉ።

መስከረም ላይ የሺ ወተት ወደ ማሰሮ ገልብጪ ተብላ ከማሰሮው አፍ ውጭ አፈሰሰችው። እናቴ ስድነት መስሏት መታቻት፤ ልጅቱ በእጇ አየሩን እየዳሰሰች ማሰሮውን ስትፈልግ ስታይ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ፤ ጠበል ለጠበል ዞርን፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷ የቆመ ሰው እንደ ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። አባቴ ሙቀጫውን ለሰው ሰጡ፣ ኮሶ ፈልጎ የመጣውን ሁሉ መለሱ። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልነገሩም። በጥቅምት፣ ቅኔ ቤት ሊገባ የታሰበውን አንማውን ወረታ ትምህርት ቤት አስገቡት። እኔን ከብቶቹ ይፈልጉኝ ነበር።

ከወረታ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ እያለ፣ መምህር ሆኖ፣ ዶክተር ሆኖ፣ ፕሮፌሰር ሆነ። የሚመራመረው በኮሶ፣ በእንቆቆና በመተሬ ነው፤ የቱ ያህል ትሉን ይገድላል፣ የቱ ያህል ደግሞ ጠጪውን ይጎዳል የሚለው ነው ጥያቄው። ለበዓል ሲመጣ ቁጭ ብሎ አይበላም፤ ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል አድርጎ በእኛ ፍራሽ ሥር ያነጥፈዋል፣ ባለቤቴ አንሶላ ስታነሳ ትጮህበታለች። በአባታችን ተዝካር ላይ እንኳ ካህናቱን ስለ እፍኝ ሲጠይቅ ዋለ። ትዳር አልያዘም።

ባለፈው ክረምት በባጃጅ ቁሐር አብሬው ሄድኩ። ትንሽ ሚዛን አውጥቶ አንድ ሽማግሌ መድኃኒተኛ ፊት ቢያስቀምጥ፣ እሳቸው ሳቁና «አንተ የመሪጌታ ልጅ፣ መድኃኒት እንደ በርበሬ ይመዘናል እንዴ?» አሉት። ሚዛኑን አጥፎ ተመለሰ። ቤት እንደገባን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዕድሜህን ስንት ነው፣ ስንት ነው እያልክ ጨረስከው እኮ» አልኩት።

ከእኔ ጋር የምትኖረው የሺ ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትል ነበር። «ጋሼ፣ ተወው» አለች፤ «ፕሮፌሰር የሆነው በእኔ ዓይን ነው፣ ቢያንስ በደንብ ይጨርሰው።» እንዝርቷን አስቀመጠችና ወደ ድምፁ ዞረች። «አንማው፣ ሁለቴ ስጠጣ አይተኸኝ የለ?»

አንማው «አይቻለሁ» አለ። «አባታችን ሰጥተውሽ ወደ ኪዳን ሲሄዱ ነቅቼ ነበር። እናታችን ከደጅ ስትገባ አባታችን ለራሳቸው ያስቀሩትን ኮሶ አይታ፣ ያልጠጣሽ መስሏት ስትሰጥሽም ነቅቼ ነበር። ብናገር ይዞርብሻል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔም ጠጥቻለሁ ብል ይዞርብኛል ብዬ ነው የደገምኩት» አለች። «ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት ምን አለህ? ዓይኔን ያጠፋው እሱ ነው?»

«ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። የዚያን ቀን ግን ምን ያህል እንደነበረ አላውቅም፤ የለካው የለም።»

እናታችን ስትሞት የሺን ብቻዋን አስጠርታ ይቅርታ ጠይቃት ነበር፤ አባታችንም ከዚያ በፊት እንዲሁ። ስለ ምን እንደሆነ ሁለቱም አልተናገሩም። ለካ እያንዳንዳቸው እኔ ብቻዬን ነኝ ያጠፋኋት ብለው፣ አንዱ ለሌላው ሳይተነፍሱ፣ በአንድ መደብ ላይ ተኝተው አርጅተዋል። እኔ የተናደድኩት በዚህ ነው። አራት ሰው በየፊናው ያወቀውን በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን ዋጠው፤ ይህን አክብሮት ብለን አስተማርን፣ ጨዋነት ብለን አመሰገንን።

ዛሬ በቤቴ ክኒን ሲመጣ ስንቴ እንደሚዋጥ ላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ እኔም ለልጄ «ዋጥሽ? ስንት?» እያልኩ ከደጅ እጮኻለሁ፣ እሷ ጎረቤት ሰማ ብላ ታፍራለች። ይስማ። በዚያን ዘመን ቤታችን ጸጥ ያለና የታፈረ ነበር፤ የዛሬው ጫጫታ ነው፣ እኔም ጫጫታውን መርጫለሁ። ያ ጸጥታ አባቴን እንጀራ የቆረሱበትን ሙያ፣ እናቴን የእንቅልፍ ሰላሟን፣ አንማውን ትዳርና ልጅ፣ እኔን የወንድሜን ፍቅር፣ የሺን ሁለት ዓይኗን አስከፍሎናል።