ከፍራሽ ሥር ያለ ጣሪያ

መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ የከላላ መኪና የሚጠብቁት አያ ሙላው፣ አንዲት ቆርቆሮ በራሱ ተሸክሞ የመጣ ወጣት አጠገባቸው ሲያርፍ አዩት። እጅጌው ላይ ጠመኔ አለ፤ መምህር መሆን አለበት። ጫማው ሁለቴ የተሰፋ ቢሆንም በደንብ ተወልውሏል። ቆርቆሮዋን አጥሩ ላይ ያስደገፋት እንደ ሕፃን ተጠንቅቆ ነው።

«አንድ ቆርቆሮ ምን ይሠራልሃል ልጄ?»

«ደመወዝ በደረሰ ቁጥር አንድ እገዛለሁ አያ። የተከራየሁት ክፍል ጠባብ ስለሆነ ፍራሼ ሥር ነው የምደረድረው። ሰው ከጣሪያው ሥር ይተኛል፣ እኔ ከላዩ። እሁድ ጋደም ብዬ ስገላበጥ አከራዬ ዝናብ የመጣ መስሏቸው ስጣቸውን ያስገባሉ።»

አያ ሙላው ሳቁ። «እኔማ በአንተ ዕድሜ ቤትም ሚስትም ነበረኝ» ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ነገሩ ትዝ አላቸው። ቦታውን የሰጧቸው አባታቸው፣ እንጨቱን ያስቆረጡላቸው አጎታቸው ነበሩ። ቤቱን በሁለት ቀን ያቆመው ደቦ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ የሠሩት ነገር ቢኖር ጠላ መቅዳት ነው፤ እሱንም እየቀመሱ።

«ሚስትስ?» አሉ በምትኩ።

«እጮኛዬ ጂዳ ናት። በርና መስኮቱ የእሷ ድርሻ ነው።»

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ወጣቱ ቆርቆሮዋን ብድግ አድርጎ ከሁለቱም ራስ በላይ ያዛት።

«ይግቡ አያ፤ ግድግዳው ስላልደረሰ ይቅርታ።»

አያ ሙላው ቆባቸውን አውልቀው ገቡ።