ለእንግዳ የማይቀርብ ሾርባ

ጎረቤቴ ቪልማ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እልኳ ግን የጎረምሳ ነው። ከሴክሳርድ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሟቹ ባሏ የተከለው፣ ካዳርካ የሚባል ወይን አላት። ወይን ጠጁ ቀይ ነው፤ ግን ሳሳ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ርካሽ። እኛ በሶዳ ውሃ በጥብጠን እንጠጣዋለን እንጂ ስለ ጣዕሙ አውርተን አናውቅም።

ልጇ አኮሽ ይህን ነቅዬ ገበያ የሚወደውን ዘር ልትከል ብሎ አስቸገራት። ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ፦ ከተማው ውስጥ ምግብ ቤት ያለው ኦዶን መጥቶ ይቅመስ፤ ካልገዛ ይነቀላል።

ቪልማ ለእንግዳው ዳክዬ ጠበሰች። እኔም ጉዱን ለማየት ሳልጠራ ሄድኩ። ኦዶን ብርጭቆውን አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ ዳክዬውን ጎረሰና እንደገና ተጎነጨ።

«እትዬ ቪልማ፣ አይቀየሙኝ፤ ስጋው የወይኑን ጣዕም ዋጠው። ውሃ የጠጣሁ ነው የመሰለኝ።»

ቪልማ ክው ብላ ቀረች። አኮሽ እንኳ እናቱን ማየት አቃተው።

እንግዳው ሊሄድ ብድግ እንዳለ ከወጥ ቤት የመጣ ሽታ አቆመው። «ምንድን ነው እሱ?»

«ኧረ እሱ የቤታችን የዓሣ ሾርባ ነው። ለእንግዳ አይቀርብም!»

«እንግዳውማ ዳክዬውን በልቶ ጨረሰ። አሁን ቤተኛ ነኝ።»

እያፈረች ጨለፈችለት። የዳኑብ ወንዝ ዓሣ ነው፤ በቀይ በርበሬ ፍም መስሏል። ኦዶን ሾርባውን ፉት አለ፤ ወይኑን አስከተለ። ደገመ።

«አኮሽ፣ ና ቅመስ እስቲ! እኔ ነኝ ያበድኩት?»

እኔም አላስቻለኝም፤ ማንኪያ አንስቼ ገባሁበት። በርበሬው ሲያቃጥል ኮምጣጣው ወይን ያበርደዋል፤ ከዚያ እንጆሪ የሚመስል ጣዕም ምላስ ላይ ይቀራል። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም አንድ ገበታ ላይ ሳገኛቸው የት ነበርኩ?

«ጣዕሙን ሶዳው ነው የደበቀብን» አለች ቪልማ፣ ራሷም እየተገረመች።

ኦዶን ያላትን ሁሉ ሊገዛ ቃል ገባ፤ የሾርባውን አሠራር እንድታሳየውም ለመናት። አኮሽ ግን ሳህኑን ጠርጎ ቀና አለ።

«እማዬ፣ በጸደይ ሁለት መስመር ካዳርካ እንጨምር።»

«አብደሃል? እስኪያፈራ ስንት ዓመት ነው! ያኔ እኔ የት ልገኝ?»

«ምድጃው ጋ ነዋ! ሾርባውን ማን ሊሠራልኝ ነው?»

ቪልማ ጭልፋውን አንስታ ሳህኑን እስከ አፉ ሞላችለት።