መጀመሪያ ክር ነበር

በልብስ ፋብሪካ ስሠራ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ ላይን። በአንድ ረድፍ ማሽን ላይ የምንቀመጥ ሴቶች አንድ ላይን ነን። አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ኪስ፣ እኔ ኮሌታ። ለዓመታት ኮሌታ ብቻ ሰፋሁ።

የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ደግሞ ላይን የሚለው ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ሐዲድ ነው። አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህም፣ የቀትር እንቅልፉን ጨርሶ ፀሐይ በረድ ስትል፣ ጫማውን ወልውሎ ወደ ጣቢያው በር ይሄዳል።

«ላይኑ ይከፈታል፤ ይጠሩናል» ይላል።

እኔ በሆዴ እናደድ ነበር። ሰው ለዛገ ብረት ጫማ ይወለውላል?

ባለፈው ዓመት የገዢ ትዕዛዝ ጠፋ ተባለና የእኛም ላይን ተዘጋ። «እንጠራችኋለን» አሉን። አንድ ቀን አባቴ ጫማውን ሲወለውል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ተደውሎልኝ እንደሆነ ስልኬን አያለሁ። ድንገት ራሴን ታዘብኩት። ከእሱ በምን ተሻልኩ? እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

በማግስቱ ከተማው በሙቀት ተኝቶ ሳለ ላይን የሚለውን ቃል ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ወረፋ ነው ይላል፤ ድንበር ነው፤ የስልክ መስመር፣ የፊት መጨማደድ፣ የግጥም ስንኝ። ሥሩ ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ ከተልባ አገዳ የሚፈተል ክር። እኛ ለጾም የምንበጠብጠውን ተልባ ላቲኖቹ ፈትለውታል። ሐዲዱም ወረፋውም ኋላ የመጡ ናቸው። ክር መጀመሪያ ከሆነ፣ እኔም ከክር እጀምራለሁ አልኩ።

ከጎረቤት የእግር ማሽን ተዋስኩ፤ ከቀፊራ ገበያ ጨርቅ ገዛሁና ለአባቴ ሸሚዝ መስፋት ጀመርኩ። ኮሌታው እንከን አልነበረውም። እጅጌው ግን አልገጥም አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሸሚዝ ፋብሪካ ውዬ አንድ ሙሉ ሸሚዝ መስፋት አለመቻሌ አንገበገበኝ። ፈታሁት። ደግሜ ሰፋሁት። አሁንም ፈታሁት። እናቴ «ተይው፣ ጨርቁ አለቀ» ብትለኝም አልተውኩም።

በመጨረሻ ለበሰው። ግራ እጅጌው ትንሽ ያጥራል። ከዚያ ጫማውን አውጥቶ መወልወል ጀመረ። ልቤ ቁርጥ አለ።

«ዛሬም ጣቢያ ነው?» አልኩት።

«አቦ፣ ጣቢያ ማን አለና?» አለኝ ቀና ብሎ። «ቀፊራን ልዞር ነው። ማን ሰፋልህ ሳይሉኝ አልመለስም።»