የመለስኳቸው ሰባት እንቁላሎች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ልጄ ትዕግሥት በእኔ ቤት አራስ ሳለች ነው። የማልረሳው አንዲት ደግ ጎረቤቴን ሁለት ጊዜ ስለበደልኩ ነው። ሁለተኛው በደሌ ከመጀመሪያው ይብሳል።

የምንኖረው ከመርሳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በመስኖ ሽንኩርት እናለማለን። ባለቤቴ የተባይ መድኃኒት ረጭቶ ሲጨርስ መርጫውን የማጥበው እኔ ነኝ። የግብርና ባለሙያዋ፣ “ከውኃ ራቅ ብላችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እጠቡ” ብላ ስንት ጊዜ ነግራናለች። ባለቤቴም ከማሳው ማዶ ጉድጓዱን ቆፍሮልኛል።

ያን ቀን ግን የእመቤታችን ማኅበር ነበረኝና ቸኮልኩ። ቄሱ ሳይመጡ ልድረስ ብዬ መርጫውን እዚያው ቦዩ ውስጥ ነከርኩት። ሥሩ የቀረውንም መድኃኒት ደፋሁት። ውኃው ወተት መሰለ፤ ጥቂት ቆይቶ ጠራ። “ውኃ አይደል፣ ይወስደዋል” ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። በማኅበሩም ላይ ደህና አድርጌ ጸለይኩ።

ከእኛ በታች፣ ቦዩ በሚያልፍበት በኩል፣ እትዬ ፋጡማ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ይኖራሉ። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ናቸው። ኑሯቸው በስድስት ዶሮዎች እንቁላል ነው። ከቦዩ ዳር ቀንድ አውጣ እየለቀሙ በድንጋይ ይፈጩና ለዶሮዎቹ ይሰጣሉ። “ቅርፊቱ እንቁላሉን ያጠነክረዋል” ይላሉ። እውነትም የእሳቸው እንቁላል በቀላሉ አይሰበርም።

ከሳምንት በኋላ ከዶሮዎቻቸው አራቱ ሞቱ።

“ፈንግል ገባብኝ፣ ወርቄ” አሉኝ በአጥር በኩል። “ያቺ ከገበያ የገዛኋት ቄብ ናት ይዛው የመጣችው። እሷኑ ረገምኳት።”

“አይዞዎት፣ እግዜር ይተካል” አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ያኔ ፈንግል መስሎኝ ነበር።

ትዕግሥት ወልድያ የባዮሎጂ መምህርት ናት። አንድ ቀን ሕፃኑን ታቅፋ ደጅ ፀሐይ ስትሞቅ እትዬ ፋጡማ ቀንድ አውጣ ሲፈጩ አየች። እንዲሁ ለጨዋታ ያህል ነው የነገረችኝ።

“እማዬ፣ ባሕር ውስጥ ዛጎል ለብሰው የሚኖሩ ፍጥረታት አሉ። ውኃውን ወደ ውስጥ እየሳቡ፣ ምግባቸውን አጣርተው ያስቀራሉ። ውኃው ከፋብሪካም ከእርሻም ኬሚካል ካለበት ያም ከምግቡ ጋር ይገባል። ውኃው ያልፋል፤ ኬሚካሉ ግን ሥጋቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ባሕሩ ጠርቶ እንኳ እነሱ ዘንድ ይገኛል። ሰዎች የባሕሩን ንጽሕና ማወቅ ሲፈልጉ እነሱን ነው የሚመረምሩት።”

“የቦይ ቀንድ አውጣስ?” አልኳት።

“እሱ እንኳ እንደዚያ አያጣራም። ግን የሚግጠው ከቦዩ ነው፤ መርዝ ካለበት ወደ እሱም ሊገባ ይችላል። ምነው ጠየቅሽኝ?”

“እንዲያው ነው” አልኩ። በልቤ ግን ቀኑን ቆጠርኩ፤ ዶሮዎቹ የሞቱት መርጫውን ቦዩ ውስጥ በነከርኩ በሳምንቱ ነው።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። እትዬ ፋጡማ ከቀሩት ሁለት ዶሮዎች ያጠራቀሙትን ሰባት እንቁላል በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

“ለአራሷ ነው። ወተቷ እንዲወርድ ትብላ።”

ልጄንና ያንን የሚጠባ ሕፃን አሰብኩ። መቀበል ፈራሁ። እውነቱን መናገርም ፈራሁ።

“ዛሬ ጾም ነው፣ እትዬ” አልኩ።

ሳቁ። “አራስ ትጾማለች እንዴ? ይሁን፣ ለነገ አስቀምጭላት። እንቁላል እግር የለው፣ አይሸሽ!”

“አይ… ለእርስዎ ይሁን። እኛ ይቅርብን።”

ሳቃቸው ቆመ። ቋጠሮውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

“ሥጋ እንኳ ቢሆን፣ እሺ፣ የእስላም እጅ ያረደው ነው ትያለሽ” አሉ ቀስ ብለው። “ወርቄ፣ እንቁላል ደግሞ መቼ ታረደ?”

ሻሻቸውን ሰብስበው ወጡ። ሃያ ዓመት በጉርብትና ስንኖር ሃይማኖታችን በመካከላችን ገብቶ አያውቅም። እኔ ጥፋቴን ልደብቅ ብዬ አስገባሁት።

በነጋታው ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ።

“ይህን ለሴትዮዋ ነግረሻቸዋል?” አሉኝ።

“አልነገርኳቸውም፣ አባ።”

“እንግዲያ መንገድ ስተሻል። የእሳቸው ቤት በወዲያ ነው። ደርሰሽ ተመለሽ።”

እንቁላል የጀመረች ዶሮዬን ታቅፌ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ መርጫውን፣ ቦዩን፣ ማኅበሩን፣ ልጄ ያለችኝን ነገርኳቸው። የቀንድ አውጣውንም ነገር እንዲተውት፣ እንቁላሉንም እንዳይበሉት ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“እኔኮ ተጸየፈችኝ ብዬ ነው ያዘንኩት” አሉ በመጨረሻ። እንባቸው መጣ። “ዶሮስ ይፈለፈላል። ወላሂ፣ ከዶሮዎቼ ይልቅ የከበደኝ ያ ነው።” ቀጥለውም፣ “ያቺን ቄብ በከንቱ ረገምኳት በይኛ!” ብለው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ እትዬ ፋጡማ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን አስረው ይዘው መጡ። በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያን ለድግስ ሲረዳዳ ከነነፍሱ ነው የሚሰጠው፤ ባለ ድግሱ በራሱ ሥርዓት ያርደዋል።

ዶሮውን በሰው ፊት እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ከግራና ከተማ ገበያ ነው የገዛሁት። አትፍሪ፣ ከቦይሽ አልቀመሰም።”

ምሥጢሬን እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው አልተናገሩብኝም። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ይህን የጻፍኩትም እኔው ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው። አሁን መርጫውን ማዶ ጉድጓዱ ዘንድ ወስጄ አጥባለሁ። ስመለስ በቦዩ በኩል አልፋለሁ። ውኃው ጥርት ያለ ነው። ድንጋዩ ላይ የተለጠፈ ቀንድ አውጣ ባየሁ ቁጥር ግን ፊቴ ይግላል፤ ዓይኔንም አዞራለሁ።